ዳኛዋ «እንዴት ነሽ?» ሲሉኝ

(ባለፈው ቅዳሜ በኮሚኒቲ አዳራሻችን ያደረግኩት ንግግር ነው። እዚህ አሜሪካ በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ዲስአቢሊቲ የሚሉትን፣ ለማግኘት ዳኛ ፊት ስለሚቀረብበት ችሎት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እንደተናገርኩት ጻፍኩት። እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክያለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ዋላችሁ?

ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወገባችሁን የሚያማችሁ ተነሱ፣ ቁሙ፣ ወዲያ ወዲህ በሉ። ማንም ቅር አይለውም። እኔም መሃል ላይ ቁጭ እል ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። «እንዴት ዋላችሁ?» ስላችሁ ምን አላችሁኝ? «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ሁላችሁም። አዳራሹ ሙሉ። የዲስአቢሊቲ ችሎት የሚጠብቃችሁ ሰዎች ናችሁ። አንዳችሁም «አሞኛል» አላላችሁም። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም የወደቅኩት በዚችው ነው።

መጀመሪያ ግን፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለዓመታት አዛውንት ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ የሄደ ሴት ነኝ። ሁለት ጊዜ ዳኛ ፊት ቀርቤአለሁ። አንዴ ተሸንፌ፣ አንዴ አሸንፌ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቀጠሮ የደረሰባቸውን ሰዎች ቁጭ አድርጌ አለማምዳለሁ። የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። ሕጉን ጠበቃችሁን ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። ዳኛዋ ፈገግ ብለው «እንዴት ነሽ ዛሬ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ይሄስ ሰላምታ ነው፣ አይጎዳም። ጉዳቱ ቀጥሎ ነው የመጣው። «የቤት ሥራ ማን ይሠራል?» አሉኝ። እኔ ምን ልበል? አስተርጓሚው የልጄ እኩያ የሆነ ወጣት ነው። እሱ ፊት ቤቴ ተዝረክርኮ ይውላል ልበል? «ሁሉንም ራሴ ነኝ የምሠራው» አልኩ። ቀና ብዬ። በኩራት።

እውነቱ ምን ነበር? ሁለት ሳህን አጥቤ እቀመጣለሁ። ልብስ የምታጥበው ልጄ ናት። ወለል የሚወለውለው ባለቤቴ ነው። ካልሲዬን እንኳ የሚያደርግልኝ እሱ ነበር። ይሄን ሁሉ ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ውሳኔው በፖስታ ሲመጣ ያቺ ዓረፍተ ነገሬ እዚያው ተጽፋ አገኘኋት። አመልካቿ የቤት ሥራዋን በሙሉ ራሷ እንደምትሠራ ተናግራለች ይላል። ማን ይከሰሳል? የራሴ አፍ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይሄው ነው። እኛ ገበናችንን ሸፍነን፣ ሕመማችንን ውጠን ነው ያደግነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ አልጠላውም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል በር ላይ ትታችሁት ግቡ።

አንደኛ፣ ይሄ ችሎት ምንድነው? ፈጠን ብዬ ልለፈው። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ገንዘቡን የሚከፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ያመለከታችሁትን ውድቅ አደረገ፣ እንደገና እዩልኝ ብላችሁ ደገማችሁ፣ ያም ውድቅ ሆነ። ከዚያ ዳኛ ፊት ልቅረብ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በየደረጃው ያላችሁ ጊዜ 60 ቀን ነው፣ ለፖስታው 5 ቀን ይታሰብላችኋል። ደብዳቤ ሳትከፍቱ ማስቀመጥ የለም! የቀጠሮው ማስታወቂያ ቢያንስ ከ75 ቀን በፊት ይደርሳችኋል። የሐኪም ወረቀታችሁ ደግሞ ከችሎቱ 5 የሥራ ቀን በፊት መግባት አለበት፣ ካልደረሰም «ይሄ ይሄ ይቀረኛል» ብሎ በዚያው ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ ነው።

ችሎቱ በአካል ሊሆን ይችላል፣ በቪዲዮ ወይም በስልክም ሊሆን ይችላል። ፊልም ላይ የምታዩት ዓይነት ፍርድ ቤት አይደለም። በእናንተ ላይ የሚከራከር የመንግሥት ጠበቃ የለም። ዳኛው አሉ፣ ድምፅ የሚቀዳ ሰው አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ጠበቃችሁ ካላችሁ እሱ አለ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቮኬሽናል ኤክስፐርት የሚሉት የሥራ ዓይነት የሚያውቅ ባለሙያ አለ። አልፎ አልፎ ሐኪምም ይጠራል። እውነት ለመናገር ትምላላችሁ። አለቀ።

ሁለተኛ፣ ዳኛው ምንድነው ማወቅ የሚፈልጉት? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንስተው። «ስኳር አለብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ፣ ዲስክ አለብኝ» ብለን እንዘረዝራለን። የበሽታችሁ ስም ፋይሉ ላይ አለ፣ ሐኪሙ ጽፎታል። ስኳር ያለበት ስንት ሰው ሥራ ውሎ ይገባል! ዳኛው የሚፈልጉት ሌላ ነው። በሽታው ምን ከለከላችሁ? በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ሳምንት በመጣ ቁጥር ሥራ ላይ መገኘት ትችላላችሁ ወይስ አትችሉም? ይሄም ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ መሆን አለበት። የድሮ ሥራችሁን ብቻ አይደለም፣ ቀለል ያለ፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራም ጭምር። ዕድሜያችሁ ከ50 በታች ከሆነ በተለይ ይሄ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ነው የሚያጣላችሁ። 50 እና 55 ላይ ሕጉ ትንሽ ላላ ይላል።

ስለዚህ መልሳችሁ ቁጥር ይኑረው። «ትንሽ እቆማለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ለእኔ ትንሽ 5 ደቂቃ ነው፣ ለጋሼ ግማሽ ሰዓት ነው። «ከባድ አላነሳም።» ከባድ ስንት ነው? በእነሱ አለካክ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ማለት ቢበዛ 10 ፓውንድ ማንሳትና ከ8ቱ የሥራ ሰዓት 6 ሰዓት ያህሉን መቀመጥ ነው። አንድ ጋሎን ወተት ከ8 ፓውንድ ትንሽ ይበልጣል። እሱን ከፍሪጅ በአንድ እጅ ታነሳላችሁ? በሁለት እጅ? አንዴ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ ደጋግማችሁ?

እኔ ለሁለተኛው ችሎት ስዘጋጅ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ይዤ ራሴን ለካሁ። ምድጃው ጋ ግማሽ ሰዓት እቆማለሁ ብዬ እምል ነበር። ስለካው 12 ደቂቃ! ከዚያ በኋላ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ደግፌ ነው የምሠራው፣ ሳላውቀው። መቀመጥም እንደዚያው። 20 ደቂቃ ሲሞላ አንዱን ጎኔን አነሳለሁ። ቀን ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጋደም እላለሁ፣ እሱንም እንደ ሕመም ቆጥሬው አላውቅም። ልማድ ሆኗል። ሰው ከሕመሙ ጋር ሲኖር ሕመሙ አይታየውም። ስለዚህ ቤት ስትገቡ ለሁለት ሳምንት ጻፉ። ስንት ደቂቃ ቆምኩ፣ ስንት ተቀመጥኩ፣ ስንቴ ተኛሁ። ወረቀቱ ለችሎት ማንበቢያ አይደለም፣ ራሳችሁን ማወቂያ ነው።

መጥፎ ቀናችሁንም ቁጠሩ። «አንዳንዴ ይብስብኛል» አይበቃም። በወር ስንት ቀን ነው ከአልጋ የማትነሱት? ሁለት? አምስት? ይሄ ቁጥር በኋላ ለሥራ ባለሙያው ሲቀርብ ትልቅ ዋጋ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ የቀን ውሎ ጥያቄ። ቀላል ይመስላል፣ ወጥመዱ ግን እዚህ ነው። ዳኛው ሊያጠምዱ ፈልገው ላይሆን ይችላል፣ እኛ ራሳችን ሄደን እንገባለን። «ምግብ ታበስያለሽ?» «አዎ።» በቃ፣ ማብሰል ትችላለች ተብሎ ይጻፋል። «አዎ፣ ግን ሽንኩርቱን ተቀምጬ ነው የምከትፈው፣ ድስቱን የሚያነሳልኝ ልጄ ነው፣ መሃል ላይ ጋደም እላለሁ» ሲባል ሌላ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ ግን ግማሽ እውነት ነው።

አንድ ወንድማችንን ሳለማምደው፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚህም የለም፣ «ቤተክርስቲያን ትሄዳለህ?» አልኩት። «አዎ፣ በየሳምንቱ አስቀድሳለሁ» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። ደግ። አሁን አስቡት። ዳኛው ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ከጠየቁትና እሱም ከነገራቸው፣ ይሄ ሰውዬ ሰዓታት ቆሞ ይውላል ማለት ነው አይደል? «እስቲ እንዴት ነው የምታስቀድሰው?» ብዬ ጠየቅኩት። መጨረሻ አካባቢ ይደርሳል። ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። 40 ደቂቃ ሳይሞላ መኪና ውስጥ ገብቶ ወንበሩን ዘርግቶ ይተኛል። ታዲያ ይሄን ለምን አትናገርም? «ነውር ነው» አለኝ። ነውር! እግዜር የሚያውቀውን ዳኛ ቢሰማው ምን አለበት?

በተቃራኒው ደግሞ ማጋነን አለ። «ምንም አልሠራም።» «ሁልጊዜ ያመኛል።» «ሕመምሽ ከአስር ስንት ነው?» ሲባል፣ «አስር!» አስር ማለት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ሕመም ነው። ወንበር ላይ ተረጋግታችሁ ቁጭ ብላችሁ አስር ካላችሁ የቀረውንም ቃላችሁን ማን ያምናል? «ምንም»ን፣ «ሁልጊዜ»ን፣ «በጭራሽ»ን ለዚያች ቀን ቤት ተዉልኝ። የሆነውን ብቻ። ሲያመልጣችሁም፣ ሳታውቁም፣ «አላስታውስም» ማለት መልስ ነው።

አራተኛ፣ አስተርጓሚ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ማንም አይነግራችሁማ።

አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ በነፃ ያቀርባል፣ ቀደም ብሎ ማሳወቅ ብቻ ነው። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። እናት ልጇ ፊት ሽንት ቤት ስለመድረስና ስላለመድረስ ትናገራለች? አትናገርም። እንግሊዝኛ ትንሽ የምትችሉም ብትሆኑ፣ አስተርጓሚ ከተቀመጠ በአማርኛ ጨርሱት። ግማሹን በዚያ፣ ግማሹን በዚህ ሲሆን ይዘበራረቃል። በነገራችን ላይ እንግሊዝኛ አለመቻሌ ይረዳኛል የምትሉ ካላችሁ፣ ድሮ ለአንዳንዱ ሰው ይቆጠርለት ነበር። ከሚያዝያ 2020 ወዲህ ግን ደንቡ ተቀይሯል፣ አይቆጠርም።

አሁን ስሙኝ። «እጄን ያመኛል» ስንል የቱን ነው? ከትከሻ እስከ ጣት ድረስ ለእኛ ሁሉም እጅ ነው! እነሱ ጋ ግን መዳፍና ጣት ሌላ ነው፣ ክንድ ሌላ ነው። ጣቱ የማይታዘዝለትና ትከሻው የማይነሳለት ሰው ለሥራ ባለሙያው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እግርም እንደዚያው፣ ከዳሌ እስከ ጥፍር እግር ነው። ስለዚህ «እጄን» ብላችሁ አትለፉ። «ከእጅ አንጓዬ ወደ ጣቶቼ ይደነዝዘኛል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል» በሉ።

ሰዓት! አንዲት እናት «ማታ እስከ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። ይሄ ቃል በቃል ከተተረጎመ ምን ይሆናል? እስከ ምሽቱ ስምንት አልተኛም። ማን ይተኛል በስምንት? ሕፃን ልጅ! እሳቸው የሚሉት ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ነው በፈረንጅ። ስለዚህ «በፈረንጅ አቆጣጠር» በሉ፣ ወይም «እኩለ ሌሊት ካለፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ» በሉ።

ዓመተ ምሕረትም አለ። ዳኛው መጀመሪያ ከሚጠይቁት ነገር አንዱ «ሥራ ያቆምከው መቼ ነው? ለምን?» ነው። አንድ አባት «በ2012» አሉኝ። በእኛ ነው የቆጠሩት፣ ጥር ወር፣ በፈረንጅ 2020 መግቢያ። ደመወዛቸው እስከ 2019 መጨረሻ ተመዝግቦ ይታያል። እዚያ ሄደው እንደዚያ ቢሉ፣ ሥራ አቁሜያለሁ ካሉ በኋላ ሰባት ዓመት የሠሩ ውሸታም ይመስሉ ነበር። እግዜር ይመስገን ልምምድ ላይ ነው የያዝነው።

ደግሞ ያቺ ነገራችን። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እህ» የምንላት። እኛ አዎ ማለታችን ነው። ፈረንጁ የደነገጥን ወይም ትንፋሽ ያጠረን ይመስለዋል፣ የሚቀዳው መሣሪያ ደግሞ ጭራሽ አይሰማትም። በስልክ ችሎት ጭንቅላት መነቅነቅም ዋጋ የለውም። «አዎ» በሉ፣ «አይ» በሉ፣ በድምፅ።

አምስተኛ፣ የድሮ ሥራችሁ። ከሰኔ 2024 ጀምሮ የሚታየው ያለፉት 5 ዓመታት ሥራ ነው፣ ድሮ 15 ነበር። ይሄ ጥሩ ለውጥ ነው። ግን ኩራት እዚህም ይገባል። አንድ ወዳጄ «ምን ነበር ሥራህ?» ሲሉት «ማናጀር» አለ። ማናጀር ማለት ቁልፍ ይዞ ሱቁን ይከፍታል ማለት ነው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ያወርዳል፣ ይደረድራል፣ ይጠርጋል። ሰው አይቀጥርም፣ አያባርርም፣ የወረቀት ሥራ የለውም። «ማናጀር» ስትል ግን የሰለጠነ፣ ቀለል ያለ ሥራ ነበረህ ተብሎ ይወሰዳል። ሥራችሁን በማዕረግ ሳይሆን በእጃችሁ አስረዱ። ትልቁ ያነሳችሁት ስንት ፓውንድ ነበር? ስንት ሰዓት ትቆሙ ነበር? አሁን የምትሠሩት ትንሽ ነገር ካለም፣ በካሽም ቢሆን፣ አትደብቁ። በ2025 ማየት ለተሳነው ካልሆነ በቀር ገደቡ በወር 1,620 ዶላር ነበር፣ ከገደቡ በላይ ከሠራችሁ ነገሩ ከመጀመሪያው ይቆማል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ለምን ከዚያ በላይ እንዳልቻላችሁ ማስረዳት ነው።

ስድስተኛ... ስንተኛ ላይ ነኝ? ስድስተኛ። የአእምሮ ነገር። ዝም አላችሁ። አያችሁ? ስለ ወገብ ሳወራ ትስቁ ነበር። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሰው ማየት መጥላት፣ ያነበቡትን መርሳት፣ ይሄ ሁሉ ይቆጠራል። ዳኛው «ትኩረትህ እንዴት ነው? ከሰው ጋር እንዴት ነህ?» ይላሉ። «እኔ እብድ አይደለሁም» ብሎ የሚቆጣ አይቻለሁ። ማንም እብድ አላለህም ወንድሜ። ከወገቤ ይልቅ ሥራ የከለከለኝ እንቅልፍ ማጣቱ ነበር፣ በመጀመሪያው ችሎት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

መድኃኒት አቋርጣችሁ ከሆነ ለምን እንዳቋረጣችሁ ተናገሩ። ኢንሹራንስ ጠፍቶ ነው? ራሳችሁን አዙሯችሁ ነው? ጸበል ገብታችሁ ነው? ምክንያቱን ዳኛው መመዘን አለባቸው፣ ካልነገራችኋቸው ግን ባዶውን ወር ብቻ ነው የሚያዩት። መድኃኒቱ የሚያደርጋችሁንም ጨምሩ። እንቅልፍ የሚጥል ኪኒን ውጦ ማሽን ላይ የሚቆም የለም።

መጨረሻ አካባቢ ዳኛው ወደ ሥራ ባለሙያው ዞረው «እንዲህ እንዲህ ማድረግ የሚችል ሰው ነበረ እንበል፣ ሥራ አለው?» ይላሉ። ባለሙያው «አዎ» ብሎ ሦስት ሥራ ይጠራል። እኔ ይሄን ስሰማ ልቤ ወደቀች። አለቀልኝ አልኩ። አላለቀም! ዳኛው ብዙ ዓይነት ሰው እያስቀመጡ ነው የሚጠይቁት። የመጀመሪያው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ቀጥለው «ይሄ ሰው በወር ይህን ያህል ቀን ቢቀር፣ በየሰዓቱ እየተነሳ ጋደም ቢልስ?» ይላሉ፣ እሳቸው ባይሉ ጠበቃችሁ ይላል። ያኔ ብዙ ጊዜ «የለውም» ይላል ባለሙያው። ያ የወር ቁጥራችሁ እዚህ ነው ዋጋ የሚያወጣው። ቀድማችሁ ካልተናገራችሁት ጠበቃው ከየት ያምጣው?

ጠበቃ ካነሳን፣ ቀድሞ የሚከፈል የለም። በተለመደው ውል ካሸነፋችሁ ካለፈው ከተጠራቀመው 25 በመቶ ነው የሚወስደው፣ ጣሪያም አለው፣ በ2025 ቢበዛ 9,200 ዶላር ነበር። ከችሎቱ ቀን በፊት አግኙትና ፋይላችሁን አሳየኝ በሉት። በተለይ መጀመሪያ የሞላችሁትን የውሎ ፎርም። ከሁለት ዓመት በፊት ልጃችሁ በችኮላ የሞላላችሁ ፎርም ዳኛው እጅ ላይ ነው፣ እናንተ ግን ረስታችሁታል። አሁን የተለወጠ ነገር ካለ «ያኔ እንዲያ ነበር፣ አሁን ብሶብኛል» ማለት ይቻላል። ሳያነቡ ገብቶ መጋጨት ነው የሚያሳፍረው።

ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አይነገርም፣ በፖስታ ነው የሚመጣው። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻ አስታውቁ፣ ካልተሳካም ያ 60 ቀን እንደገና ይቆጥራል።

አሁን ሁለት ወንበር እዚህ አመጣለሁ። እኔ ዳኛ እሆናለሁ፣ አንድ ሰው ይመጣና እንለማመዳለን። እማማ፣ እርስዎ እጅዎን አንስተዋል፣ ቀስ ብለው ይምጡ። ይቀመጡ። እሺ። እንዴት ነዎት ዛሬ?

(እማማ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እሳቸውም ስቀው «ቆይ፣ ከደረጃው ልጀምር» አሉና፣ ቤታቸው ያለውን 14 ደረጃ እንዴት በሁለት ጊዜ እረፍት እንደሚወጡ ነገሩን።)